የሱሪው ቅምቅማት

ጥር 5 ቀን 2017፣ ሰኞ

ይህ ደብተር ቅዳሜ ደረሰኝ። ሀዋ ከኮምቦልቻ በሰው እጅ ልካው፣ ሰውየው ሦስት ሳምንት ሙሉ ሻንጣው ውስጥ ረስቶት ነው። እንደ ሁልጊዜው የመጀመሪያው ገጽ ላይ በእርሳስ «አማርኛሽ እንዳይጠፋ» የሚል ትእዛዝ አለበት። ስምንተኛ ደብተሬ ነው፤ ከመጣን ስምንት ዓመት ሆነን ማለት ነው። ቀኑን በእኛው አቆጣጠር የምጽፈውም እህቴ ስላዘዘችኝ ነው። እዚህ ሲያትል የስልጠናችን ካፒቴን ታዘኛለች፣ እዚያ ኮምቦልቻ ሀዋ ታዘኛለች፣ መሀል ቤት እማዬ ታዘኛለች። ለውትድርና የተፈጠርኩ ነኝ።

ዛሬ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ዱሬሳ ሬኒየር ቢች ሰፈር ካለው ቤታችን በር በመኪናው ፒክ አደረገኝ። ከትንሿ ኮሌጃችን ይህን የአሜሪካ ጦር የመኮንንነት ስልጠና የምንወስድ እሱና እኔ ብቻ ነን፤ ስልጠናው ያለው ከተማው ማዶ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። ዱሬሳ በአንድ ዓመት ይቀድመኛል፣ ያንን ደግሞ በየቀኑ ያስታውሰኛል።

በጨለማው ሰልፍ ውስጥ ቆሜ ፊሽካው ሲነፋ ሁልጊዜ አባዬ ትዝ ይለኛል። አባዬ ሰላሁዲን ኮምቦልቻ የስፖርት አስተማሪ ነበር። ስምንት መቶ ተማሪ በአንድ ፊሽካ ያሰልፍ ነበር። እዚህ መጥቶ ኦበርን በምትባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲደረድር ስድስት ዓመት ኖረ፣ ካቻምና ክረምት ሞተ። ፊሽካው እኔ ጋ ነው፤ ነፍቼው አላውቅም።

ከስፖርት በኋላ ካፒቴኗ ጠራችኝ። እስካሁን ሳልፈርም ነው የሰለጠንኩት። እስከ መጋቢት መጨረሻ ኮንትራት ፈርሜ ቃለ መሐላ ከፈጸምኩ፣ ቀሪውን ሁለት ዓመት ሠራዊቱ ያስተምረኛል፤ ስመረቅ ምክትል የመቶ አለቃ እሆናለሁ። ካልፈረምኩ የኮሌጁ እርዳታ ሰኔ ላይ ስለሚያልቅ ትምህርቱንም ስልጠናውንም አጣለሁ። «የቀረሽ ወረቀት ብቻ ነው» አለችኝ።


ጥር 7

ዝናብ። ስድስት ማይል ከነሸክሙ። ግራ ተረከዜ ተላጠ። ኢቲክስ የሚሉት የሥነ ምግባር ትምህርት ክፍል አንቀላፋሁ፤ አሥራ አራት ሰው ክብ ሠርቶ የሚቀመጥበት ክፍል ስለሆነ መደበቂያ የለውም። ፕሮፌሰሩ ኢልሀም፣ አንቺስ ምን ትያለሽ ሲለኝ እስማማለሁ አልኩ። በምን እንደተስማማሁ እስካሁን አላውቅም።


ጥር 11፣ እሁድ

እሁድ የሀዋ ቀን ነው። ስልኩን መጀመሪያ እማዬ ትይዛለች፤ የጎረቤቱን፣ የኑሮውን፣ የሞተውን፣ ያገባውን ሁሉ ትጠይቃለች። ከዚያ ለእኔ ትሰጠኛለች። ግን ከክፍሉ አትወጣም። ልብስ ታጥፋለች፤ ሲያልቅባት የታጠፈውን ዘርግታ እንደገና ታጥፋለች።

ሀዋ ምን በላሽ አለችኝ። ነገርኳት። ከዚያ እግርሽን ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። ቻርጀር ላመጣ ሁለት እርምጃ ተራምጄ ነበር፣ በዚያች በትንሿ ስክሪን አይታኝ ነው። እማዬ በአንድ ቤት እየኖርን አላየችም።

ኮምቦልቻ ሀዋና እኔ አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው፤ እኔ በግድግዳው በኩል፣ እሷ በጠርዙ፣ እንዳልወድቅ። ጠዋት ትምህርት ቤት ታደርሰኝ ነበር። ያ ትምህርት ቤት አባዬ የሚያስተምርበት ነው፤ ከእሱ ጋር መሄድ እችል ነበር። እሷ ግን ቦርሳዬን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትከተለኛለች። ከዚያ ወደ ሲንጀሯ ትመለሳለች። ልብስ ሰፊ ናት፣ ገበያው አጠገብ፣ ሰማያዊ በር ያላት ጠባብ ሱቅ። ትምህርቷን ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጣ ነው የገባችበት። ለምን እንዳቋረጠች በቤታችን የሚያወራ ሰው አልነበረም።

በየዓመቱ ለኢድ ቀሚስ ስትለካኝ ቁጥሩን የምትጽፍበት ደብተር አላት። የደንበኞቿ ሌላ ነው፣ የእኔ ለብቻው። ዲቪው ለአባዬ ሲደርሰው ሀዋ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ሕጉ ልጅ የሚለው እስከ ሃያ አንድ ድረስ ነው። ስለዚህ ሦስታችን ሄድን። መናኸሪያ ልትሸኘን መጥታ ሁሉም ሲላቀስ፣ እሷ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ትከሻዬን ለካች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ልክሽን ላኪ ትለኛለች፣ እልካለሁ፣ ቀሚሱ ይመጣል። አንድም ጊዜ ጠቦኝ አያውቅም።

የዚያ አልጋ ጠርዝ ናፈቀኝ። ሃያ ዓመት ሞልቶኝ እንዲህ መጻፌ ያሳፍራል።


ጥር 16፣ ዓርብ

ለቃለ መሐላው ቀን የሚለበሰውን የክብር ዩኒፎርም ተረከብኩ። ዕቃ ክፍሉን የሚይዘው ሮቢ የሚባል ጡረተኛ ሳጅን ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሬ የት ሄደ የሚል ሰውዬ። ኮቱ ልኬ ነው። ሱሪው ጫፉ ያልተሰፋ ስለሆነ ወለሉን ይጠርጋል። ልብስ ሰፊ ጋ ወስደሽ አስቀምቅሚው፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ አያለሁ አለኝ። ደግሞ በውሰት ነው፤ ከስልጠናው የወጣ ይመልሳል። ፈረምኩ። መፈረም ቀላል ነው።


ጥር 18፣ እሁድ

ዛሬ ለሀዋ ሱሪውን በቪዲዮ አሳየኋት። ልብስ ሰፊ ጋ ልወስደው ነው ስላት ፊቷን አጠቆረች። መርፌ አምጪ አለች።

የውስጥ እግሩን ርዝመት ሳልነግራት «ሰባ አራት» አለች። እንዴት አወቅሽ ስላት ባለፈው ኢድ ሰባ ሦስት ተኩል ነበርሽ፣ አሁን ደግሞ ቀጥ ብለሽ መቆም ለምደሻል አለችኝ። ለካሁት። ሰባ አራት።

ከዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀን። ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌ፣ እኔ ወለል ላይ፣ እሷ እዚያ መብራት በሚመጣና በሚሄድበት ሱቋ ውስጥ። ክሩን ከክንድሽ አታስረዝሚው። ከውስጥ እንደ ልብሽ ያዢ፣ ከውጭ አንዲት የጨርቁን ክር ብቻ ንኪ፣ ስፌቱ መታየት የለበትም። አንዱን እግር ጨርሼ በኩራት ሳሳያት አየችና ተርትሪው አለች። ተረተርኩት። ሁለተኛም አስተረተረችኝ። ሦስተኛው ላይ አሁን መጣሽ አለች። አንድም ጊዜ አልተቆጣችም። እኔ ነኝ የተቆጣሁት፤ እጄን ወግቼ ሱሪውን ወረወርኩት፣ እሷ እስካነሣው ጠበቀች።

እማዬ በዚያ ስታልፍ እዚህ አገር ልብስ ሰፊ ጠፍቶ ነው እንዴ ልጅቷን የምታደክሚያት አለቻት። ሀዋ ቀና ሳትል «የእሷን ልብስ ሌላ ሰው አይሰፋውም» አለች። እማዬ መንገዷን ቀጠለች። እማዬ መልስ ሳትሰጥ ስትቀር ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ሙሉውን ለብሼ ስልኩ ፊት ቆምኩ። ሀዋ ዙሪ አለች። ዞርኩ። እንደገና ዙሪ አለች። ስፌቱን የምትመረምር መስሎኝ ነበር፣ ግን ወደ እግሬ አልነበረም የምታየው።


ጥር 22፣ ሐሙስ

ሮቢ ሱሪውን ገልብጦ መብራት ሥር ያዘው፣ መነጽሩንም ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑ ላይ አወረደ። ማን ሰፋው አለኝ። እኔ፣ እህቴ በስልክ እያሳየችኝ አልኩት። ይህንን የመሰለ ስፌት ካየሁ ብዙ ዘመኔ ነው አለ። ጮቤ ረገጥኩ። ወዲያው ለሀዋ ቮይስ ላክሁላት።

ምሳ ላይ ግን ኮሌጁ ካፌ ትሪ ይዤ ቆሜ፣ ከእኔ ጋር ኢቲክስ የምትማር ልጅ ለጓደኛዋ ውትድርና የሚገቡት ሌላ ምርጫ የሌላቸው ናቸው ስትል ሰማሁ። ከኋላዋ መሆኔን አላወቀችም። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ዞር ብዬ፣ እኔ ጠዋት ሰልፉ ውስጥ ስቆም አባቴን ነው የማገኘው፣ ደስ ስለሚለኝ ነው የገባሁት ማለት እችል ነበር። ትሪዬን ይዤ ሌላ ጠረጴዛ ሄድኩ። ለምን ዝም አልኩ? ዝምታን ያስተማሩኝ እኮ ባለሙያዎች ናቸው።


ጥር 28፣ ረቡዕ

በረዶ። ስፖርት ተሰረዘ። የደኅንነት ማጣሪያው ፎርም መጣ። ሳይሞላ ኮንትራት የለም።

ዱሬሳ የራሱን አምና ሲሞላ የሠራውን ነገረኝና ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ስንት ወንድም አለህ ሲሉት ዘጠኝ ብሎ ጻፈ። እናቱ የወለዱት ሦስት ነው፤ ስድስቱ የአጎቱ ልጆች ናቸው፣ አንድ ቤት ስላደጉ ለይቶ አስቦት አያውቅም። መርማሪው ጠርቶ እናትህ እነዚህን ሁለቱን በአራት ወር ልዩነት እንዴት ወለደቻቸው አለው። አስተካከለው፣ ምንም አልሆነም። «ማን ከማን እንደተወለደ ብቻ ነው የሚፈልጉት» አለኝ እየሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ትንሽ ዘግይቼ።


ጥር 29

ፎርሙን ከፈትኩት። ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የኖርኩባቸው ቤቶች። ጥሩ እየሄደልኝ ነበር። ዘመዶች የሚለው ገጽ ስደርስ ራሴን አሞኛል ብዬ ዘጋሁት። ራሴን አላመመኝም።


የካቲት 3፣ ሰኞ

አሁን ይጻፍ እንግዲህ።

አባዬ የሞተ ጊዜ ለቅሶ ቤታችን ሞልቶ ነበር። አበዛሽ የሚባሉ የደሴ ሴትዮ መጥተው ነበር፤ ድሮ ያውቁናል። የታሸገ ውሃ በትሪ ይዤ ከኩሽና ስወጣ፣ አጠገባቸው ለተቀመጠችው ሴት በቀስታ «ልጁ አይደለችም፣ የልጅ ልጁ ናት፤ ሀዋ በአሥራ ስድስት ዓመቷ የወለደቻት ናት» አሏት። በክፋት አልነበረም፤ እያዘኑልኝ ነበር። እኔ ውሃውን አዞርኩ። ለእሳቸውም ሰጠኋቸው። ተባረኪ አሉኝ።

እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ። ሳላውቅ አውቅ ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ደብተር፣ ማንም በማያነበው ደብተር፣ እህቴ ሀዋ እያልኩ ጽፌያለሁ። ለራሴ እንኳ።

የዲቪውን ፎርም የሞላው አባዬ ነው። አብሬው ነበርኩ። ፒያሳ በሚሉት በኩል ኢንተርኔት ቤት ወስዶኝ፣ ኮቱን ለብሶ፣ በአንድ ጣቱ እየነካ። ልጆች የሚለው ላይ ሲደርስ ኢልሀም ብሎ ጽፎ፣ ትክክል መሆኑን እንዲያይለት ለቤቱ ባለቤት ሁለት ጊዜ አሳየው። ያ ሰው ሩጫ ላይ አንድ ተማሪ ጣቱን ከመስመሩ ካሳለፈ ሁሉንም ከመጀመሪያ የሚያስጀምር ሰው ነው። ያን ቀን የዋሸ አልመሰለውም። ቀበሌም ትምህርት ቤትም ከተወለድኩበት ሳምንት ጀምሮ ልጁ ነበርኩ። መጀመሪያ የተደረገው ለአሜሪካ ተብሎ አይደለም፤ ሀዋን ሰው እንዳይጠቋቆምባት ነው። አሜሪካ በኋላ ነው የመጣው።

አሁን እውነቱን ብጽፍ የአባዬ ወረቀት ውሸት ይሆናል፤ የእኔ ዜግነት የቆመው በዚያ ወረቀት ላይ ነው፣ እማዬም አብራ ትጠየቃለች። እህት ብዬ ብጽፍ ማንም አያውቅም። ሁሉም ወረቀት ይስማማል። ከታች ግን «ከላይ የሞላሁት እውነት ነው» ይላል፣ እሱ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ። መኮንን የምሆነው ከዚያ ውሸት ጀምሬ ነው ማለት ነው።

ኢቲክስ ክፍል ዛሬ ስለ እውነት ተወያየን። ምንም አልተናገርኩም።


የካቲት 9፣ እሁድ

ከሀዋ ጋር ተነጋግረን ስንጨርስ እማዬን ፎርሙ ላይ ሀዋን ምን ብዬ ልጻፋት አልኳት። ፎጣ እያጠፈች ነበር። እህትሽ አይደለችም እንዴ አለችኝ። አንቺ ንገሪኝ አልኳት።

ፎጣውን አስቀመጠች። አልካደችም፣ ማን ነገረሽም አላለችም። ካፒቴንሽ ስትወለጂ ነበረች ወይ አለችኝ። የለችም አልኳት። ከዚያ ድምጿን ሳታነሣ እንዲህ አለች፦

«ከሰው አፍ ያዳንኳት ልጄ ናት። ያሳደግኩሽም ልጄ ነሽ። የትኛችሁን ሰርዘሽ ነው እውነት የምትጽፊው?»

የማታ ፈረቃዋ ደርሶ ወደ ኦበርን ሄደች፣ አባዬ ይሠራበት ወደነበረው መጋዘን። ከሄደች በኋላ ምሳ ዕቃዋን ጠረጴዛው ላይ ረስታው አገኘሁ። የእኔ እራት ግን ተሸፍኖ ተቀምጧል። ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ስምንት ሰዓት ቆማ ትሠራለች፣ እኔ ደግሞ ባዶ ሆዷን ሰደድኳት።


የካቲት 12

ሁለት ማይል ሩጫ፣ አሥራ ሰባት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። ከሴቶቹ ሁለተኛ። ካፒቴኗ ወረቀቱስ አለች። እየሞላሁት ነው አልኩ። ውሸት ቁጥር አንድ፤ ገና ሳልፈርም።


የካቲት 21፣ ዓርብ

ለተማሪዎች በነጻ የምታማክር ጠበቃ ጋ ሄድኩ። ስም ሳልጠራ ጀመርኩ፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉንም ነገርኳት። ሁለት ነገር አለችኝ። ውሸት ላይ እንዳትፈርሚ። እውነቱንም እኔ ሳላጠናው ለማንም እንዳትሰጪ። መንገድ ሊኖር ይችላል፣ ግን ዓመት ሊፈጅ ይችላል፣ ቃል አልገባልሽም። እስከ መጋቢት መጨረሻ አይደርስም ወይ ስላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ገባኝ።

ስለዚህ ወይ እህት ብዬ እፈርማለሁ፣ ወይ ከሰልፉ እወጣለሁ። ሦስተኛ የለም።

ነገ ረመዳን ይገባል። ልጅ ሆኜ ሀዋ ግማሽ ቀን ታስጾመኝና በቀሪው ግማሽ ደብቃ ታበላኝ ነበር። ለአባዬ ሙሉ ጾማለች ትለዋለች። እሱም እያወቀ ይሸልመኛል። ያ ቤት ውስጥ ሁላችንም እያወቅን ነበር የምንኖረው።


የካቲት 23፣ እሁድ

እማዬ ለሀዋ ነግራታለች። ሀዋ አፍጥራ ደወለች፤ እዚህ ጠዋት ነበር። ዛሬ ምን በላሽ አላለችም፣ ጾም ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም።

«እህት ብለሽ ጻፊ» አለችኝ። «ሃያ ዓመት እህት ሆኛለሁ፣ አንድ ወረቀት ላይ ብሆን አይጎዳኝም። አብሽሪ። አንቺን ከሰልፍ ያስወጣሁ መሆን አልፈልግም።»

ቀለል አድርጋ ነው ያለችው፣ ዋጋ እንደምትነግር። እኔ ማልቀስ ስላልፈለግኩ ሌላ ነገር ጠየቅኳት። ያ የልኬ ደብተር አሁንም አለ ወይ አልኳት። አለ አለች። መጀመሪያው ላይ ምን ይላል አልኳት። ሳትነሣ፣ ሳትገልጥ፣ እንደዚያው ተቀምጣ፦

«አርባ ዘጠኝ ሴንቲ።»

«ስንት ዓመቴ ነበር?»

«የዚያን ቀን ነው» አለች። «ሜትር አልነበረኝም። በክር ለክቼሽ ክሩን አስቀምጬ፣ በኋላ ሜትር ስገዛ ነው ቁጥሩን ያወቅኩት።»

ከዚያ ኔትወርኩ ተቋረጠ፣ ወይም ዘጋችው። መልሼ አልደወልኩም። እማዬ በሩ ጋ ቆማ ነበር፤ ያቀፈችው ልብስ አልታጠፈም።

ትምህርቷን ያቋረጠች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በክር ስትለካኝ። እኔ ከዚያች ልጅ በአራት ዓመት እበልጣለሁ። እስከ ዛሬ ሀዋን ሁልጊዜ ትልቅ ነበር የማስባት።


የካቲት 27

ፎርሙን ከፍቼ እህት የሚለውን ነካሁት። ምልክቱ ገባ። ቀላል ነው። አጠፋሁት። አርባ ዘጠኝ ሴንቲ።


መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ዛሬ ለካፒቴኗ አልፈርምም አልኳት። ለምን አለች። የቤተሰብ ጉዳይ ነው አልኳት። ያስገደደሽ ሰው አለ ወይ አለች። የለም አልኳት። ፈርተሽ ነው አለች። በዚህኛው ዝም አልኩ፤ ፈርቼማ ነበር። ሊቆጣ የተነሣው ፊቷ መሀል ላይ ተመለሰና፣ ካንቺ ጥሩ መኮንን ይወጣ ነበር አለች። ይወጣ ነበር። ቃሉን እስከ መኪናው ድረስ ተሸክሜው ሄድኩ።

ዱሬሳ ሬዲዮውን ዘግቶ ነዳ። እሱ ምክንያቱን ስላላወቀ ያስወጣሽ ቅዝቃዜው ነው አይደል ብሎ ሊያሾፍብኝ ሞከረ፣ አልሆነለትም። በሩ ላይ ሲያወርደኝ ከልማዱ የተነሣ እሺ፣ ነገ አሥራ አንድ ሰዓት አለኝ።

ደስ ይለኝ ነበር። ይህን አንድ ጊዜ በግልጽ ልጻፈው፤ በጣም ደስ ይለኝ ነበር። የእርጥብ ሣሩ ሽታ፣ የሁላችንም ትንፋሽ በመብራቱ ውስጥ ሲታይ፣ ስሜ ሲጠራ አለሁ ማለት። ያለፈ ነገር አድርጌ ስጽፈው ገና አንድ ቀን አልሞላውም።


መጋቢት 10

ከንጋቱ አሥር ተኩል ላይ ነቃሁ። የሚጠብቀኝ የለም። ሱሁር ከእማዬ ጋር በላሁ። ፈረቃዋ ገና ማብቃቱ ነበር፣ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ምንም ሳልላት ሰማሁ አለችኝ። ከዚያ የራሷን ተምር አንሥታ የእኔ ሳህን ላይ አደረገች።


መጋቢት 21፣ እሁድ፣ ኢድ

ቱክዊላ መስጊድ ሰግደን ተመለስን። የዘንድሮው ቀሚስ አረንጓዴ ነው። ልኬ ነው።

ሀዋ ደወለች። እማዬ ኢድ ሙባረክ ተባብላ ስልኩን ሰጠችኝ። ከዚያ ከክፍሉ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። ስምንት ዓመት ሙሉ አድርጋው አታውቅም።

ከሀዋ ጋር ምን እንዳወራን አልጽፍም።


መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ዩኒፎርሙን መለስኩ።

በሚቀጥለው ዓመት የት እንደምማር አላውቅም። ጠበቃዋ ፋይል ከፍታለች። በጋውን ከእማዬ ጋር ኦበርን እሠራለሁ፣ ለሁለታችንም ፈረቃ ጠይቃለች። እሷ ጋ የማይጠየቅ ነገር እንደ ድሮው አሁንም አይጠየቅም፣ ግን ትናንት ስትወጣ ለሀዋ ደውዪላት እንጂ አለችኝ። እሁድ አልነበረም።

ሮቢ ኮቱን ቆጠረ፣ ቀበቶውን ቆጠረ። ሱሪው ጋ ሲደርስ ገልብጦ አየውና ያሳዝናል አለ። የሚቀጥለው ልጅ ከእኔ ሊረዝም ስለሚችል ቅምቅማቱ መፈታት አለበት። እሱ ሊያደርገው መቀስ አነሣ፤ እኔ ልተርትረው አልኩት። መቀሱን ሰጠኝ።

ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ ተረተርኩት። በቀላሉ አይገኝም፤ ከውጭ እንዳይታይ ነው የተሰፋው። በጣቴ እየዳሰስኩ አንድ በአንድ አገኘሁት። ሁለት ጊዜ ያስተረተረችኝ ጊዜ እጄ ይህን ተምሮ ነበር። ክሩን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት። ሱሪው እንደ መጀመሪያው ወለሉን ጠረገ።

ሮቢ ወረቀቱን እየሞላ፣ ማን ነበረች ያስተማረችሽ አለኝ።

«እናቴ» አልኩት።

ቀና አለ። «እህቴ ያልሽኝ መስሎኝ።»

«እንደዚያ ብዬህ ነበር» አልኩት። «እናቴ ናት።»

መነጽሩን ግንባሩ ላይ መለሰና ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለ። ለእሱ ምንም አልነበረም፤ ሱሪ አንድ፣ ንጹሕ፣ ተመላሽ ብሎ ጻፈ። ግልባጩን እየሰጠኝ፣ ሙያ እንዳላት ንገሪያት አለኝ።

እነግራታለሁ አልኩት።